ሰባት ውሃ ያጠብኩት ታኪኖ

ፍሬሕይወትን መንገድ ላይ ብታገኟት ዞር ብላችሁ አታዩዋትም። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጠይም፣ ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ሜትሮ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ቆማ የምትሄድ ሴት ናት። እንደ እሷ ያለች ሴት በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በኩል በቀን መቶ ታልፋለች። ስለ እሷ ልጽፍ የተነሳሁት የተለየ ጀግንነት ስለሠራች አይደለም። እኔ በእሷ ላይ የሠራሁት ነገር ስላሳፈረኝ፣ ለሰው ካልተናገርኩትም የሚቀለኝ ስላልመሰለኝ ነው።

እኔ ጤናዬ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ አፌ ግን ዕድሜዬን ይበልጣል። ሲኞራ ኦርኔላ የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት ቤት አሥራ አራት ዓመት ባዳንቴ ሆኜ ኖሬያለሁ። ባዳንቴ ማለት አጥበሽ፣ አብስለሽ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጥተሽ፣ ደግፈሽ ሽንት ቤት የምትወስጂ፣ በአጭሩ ልጅ ልታደርግ የሚገባትን በደመወዝ የምታደርጊ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የእኔን እጅ የማያውቅ የለም። ዝክር ሲኖር፣ ክርስትና ሲኖር፣ ወጡን የምይዘው እኔ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ያዋረደኝም እሱው ጉራዬ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ጉልበቴ እምቢ አለኝ። የሲኞራ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ደግሞ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ያርፋል። ቦሎኛ ያለችው ልጄ «እማ፣ በቃሽ፤ እኔ ጋ ነይ» አለችኝ። የሲኞራን ልጅ ክላውዲያን አስቀምጬ ነገርኳት፤ ትንሽ አለቀሰችና «አሎራ፣ እንግዲህ ጤናዬ፣ የምትተካሽን አንቺው ፈልጊልኝ። አንቺ ያመንሻትን እኔም አምናለሁ» አለችኝ።

ፍሬሕይወትን ያገናኘኝ ተርሚኒ አጠገብ ቡና ቤት ያለው የማነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ሆቴል ማእድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ወደዚህ እንዴት እንደመጣች አልጠየቅኳትም፤ እኛ እርስ በርሳችን የማንጠያየቀው ነገር አለ። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ወጥቷል፤ ስለወጣላትም የስደተኞች ማረፊያው «እስከ ጥር መጨረሻ ልቀቂ» ብሏታል። ያለ ሥራ ኮንትራት ደግሞ በዚህ ከተማ ክፍል የሚያከራይ የለም። ሲኞራ ቤት ከገባች ኮንትራትም ጣሪያም በአንድ ቀን ታገኛለች። ክላውዲያ አይታት ወደደቻትና «የገናን ምሳ አብራችሁ ሥሩ። ማማ ደስ ካላት ወዲያው እፈርማለሁ» አለች። ፍሬሕይወት ሲገባት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ነበር፤ ትከሻዋን ይዤ አስቀረኋት። ያን ዕለት ደግ ሰው ነበርኩ።

የነሱ ገና የሚውለው በእኛ ጾም መሀል ነው። በየዓመቱ እኔ የበግ ጠቦት ፎርኖ ውስጥ እጠብሳለሁ፤ ጾመኛ ስለሆንኩ አልቀምስም፤ ከመቅረቡ በፊት መረቁን በማንኪያ ይዤ ሲኞራ ጋ እሄዳለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀምሱና «ጨው አነሰ» ወይም «ቫ ቤኔ»፣ ደህና ነው፣ ይላሉ። ለራሳቸው ጨው ሐኪም ከልክሏቸዋል፤ ለማንኪያዋ ግን አይከለከሉም ነበር። አሥራ አራት ገና በእሳቸው ምላስ አብስያለሁ።

ዘንድሮ ግን የልጅ ልጃቸው አሜሪካዊ እጮኛዋን ይዛ መጣችና ታኪኖ ይሁን ተባለ። ታኪኖ ያ ዶሮ መስሎ በግ የሚያህለው፣ ጉሮሮው ላይ ቀይ ሥጋ የሚንዘላዘልበት ወፍ ነው። እኔ ሠርቼው አላውቅም። ፍሬሕይወት ግን «ሆቴል ለፈረንጆቹ በየዓመቱ ሃያ ሠላሳውን እንጠብስ ነበር» አለች። አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ትንሽ ደብተር ይዛ መጣች። ጨዉን በሚዛን መዘነች፣ ለአንድ ሊትር ውሃ ስድሳ ግራም። እኔ በሕይወቴ ጨው መዝኜ አላውቅም፤ እጄ ሚዛኔ ነው። ውሃውን ከጨውና ከትንሽ ማር ጋር አፈላች፤ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝና ሳልቪያ በክር አስራ ጨመረች፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና የብርቱካን ልጣጭ አስከተለች። ሲቀዘቅዝ ስድስት ኪሎውን ታኪኖ በትልቁ ድስት ውስጥ ዘፈዘፈችውና ብርዱ እንዲጠብቀው በረንዳ ላይ አወጣችው። «ጨዉ ቀስ እያለ እስከ አጥንቱ ይገባል፤ ከዚያ ፎርኖ ውስጥ አይደርቅም» አለችኝ።

«ቆይ እንጂ፣ ሳታጥቢው?» አልኳት።

«አይታጠብም፣ እትዬ ጤናዬ። ውሃው ሲረጭ ጀርሙን ለማእድ ቤቱ ሁሉ ያዳርሰዋል ብለው ነው ሼፉ ያስተማሩን። ፎርኖው ይገድለዋል።»

አይታጠብም! እኛ ዘንድ ሴት የምትለካው በዶሮ እጥበት ነው። በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ሰባት ውሃ ተቀይሮለት፣ የመጨረሻው ውሃ የሚጠጣ እስኪመስል ድረስ ነው። ነፍሷን ይማርና አማቴ የመጨረሻውን ውሃ በነጭ ሳህን አስቀድታ ብርሃን ላይ ታየው ነበር። ትንሽ ቀላ ካለ ሳህኑን መሬት ላይ ታስቀምጥና አንድ ቃል ሳትናገር ትወጣለች። ያ ዝምታ ከዱላ ይብስ ነበር። ያልታጠበ ወፍ ከነደሙ ለሰው ልናቀርብ!

ይህንን ለመናገር አፌን ስከፍት ሲኞራ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱና «ኬ ፕሮፉሞ!» ብለው መዓዛውን አድንቀው «ብራቫ፣ ብራቫ!» አሏት፤ ጉንጯንም ነካ አደረጉት። እኔ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ቫ ቤኔ» ነው የሰማሁት። ለትንሽ ነገር ነው አትበሉኝ፤ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። የሰው ልጅ በትልቅ ነገር አይቀናም፣ በእንዲህ ያለችው ነው እንጂ።

በማግስቱ ፍሬሕይወት መገኘቷን ለመፈረም ወደ ማረፊያው መሄድ ነበረባት። «ሦስት ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው። ድስቱን አይንኩብኝ፣ እሺ እትዬ?» አለችኝ በትሕትና። በሩ እንደተዘጋ በረንዳ ወጥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃው ቀልቷል። አማቴ ከመቃብር ተነስታ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ።

አወጣሁት። ያን ሁሉ የለፋችበትን ውሃ ደፋሁት። አምስት ሎሚ ቆርጬ ውስጡንም ውጪውንም አሸሁት፣ በጨው ፈተግኩት፣ ሰባት ውሃ ለወጥኩለት። ሰባተኛው እንደ ጠበል ጠራ። ያን ጊዜ ነው የእሷ የጨው ውሃ እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ልከፍተው እችል ነበር። አልከፈትኩትም። ልጅቷ በሚዛን የምትሠራውን እኔ በእጄ አላጣውም ብዬ ውሃ ሞላሁ፣ የታሰሩትን ቅጠሎች መለስኩ፣ ጨዉንም በእፍኜ ገባሁበት። «በእጥበቱ የወጣለትም አለ» እያልኩ የኪሎውን ከረጢት ጨረስኩት፤ ከሌላኛውም ጨመርኩ። ከዚያ ባዶውን ከረጢት ከቆሻሻው ሥር ቀበርኩት። ንጹሕ ሥራ የሠራ ሰው ከረጢት አይደብቅም። ለንጽሕናው ብቻ ብዬ ቢሆን ኖሮ ስትመጣ እነግራት ነበር። አልነገርኳትም።

የገና ዕለት ጠዋት ታኪኖውን አውጥታ በጨርቅ አደረቀችው። አንድ ጊዜ እጇ ውስጡ ገብቶ ቆም አለ፤ ድስቱንም አየች፣ እኔንም አየችኝ። ቆዳውን ከሥጋው ቀስ ብላ አላቃ ቅቤና የተከተፈ ጦስኝ ጎሰረችበት፣ እግሮቹን አሰረች፣ ፎርኖ ከተተችው። ሦስት ሰዓት ሙሉ መረቁን በማንኪያ እያወጣች ጀርባው ላይ ስታፈስበት ቆየች። ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዶ የጎረቤት ሰው በር እየከፈተ ይጠይቅ ነበር። ሲወጣ መልኩ ወርቅ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ያለ ጥብስ አይቼ አላውቅም።

ከትሪው የቀረውን መረቅ አጥልላ አፈላችው፣ ወፈር ሲል ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ማን ይቅመስልን? ሲኞራ ይቀምሳሉ ብለውኝ ነበር።»

«ሲኞራ ፀጉራቸውን እየተሠሩ ነው።»

«ልጃቸውስ? ወይ እኔ ምላሴን አስነክቼ ብተፋው?»

«ለታኪኖ ብለሽ ጾምሽን ልትሽሪ?» ብዬ ጮህኩባት። «ጾም ውስጥ ጨው የሚታወቀው በአፍንጫ ነው። አምጪ ወዲህ!» ማንኪያውን ተቀብዬ አሸተትኩ። እናቶቻችን በማሽተት ብቻ ጨው ይለዩ ነበር፤ እኔም እለያለሁ ስል ኖሬያለሁ። «ልኩ ነው» አልኳት። ስለ ጨው የሸተተኝ አንድም ነገር አልነበረም። ዳግመኛ ብራቫ የምትባልበት ማንኪያ ሲኞራ ፊት እንዳይቀርብ ነው የፈለግኩት።

ሳህኑ ሲገባ አጨበጨቡ። እጮኛው ፎቶ አነሳ። በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። የመጀመሪያው ጉርሻ ገባ። አንዱ ውሃ ቀዳ፣ ሌላውም ቀዳ፣ እጮኛው ጨዋ ልጅ ስለሆነ ዓይኑ እንባ እየሞላ ዋጠው። ሲኞራ ኦርኔላ ግን አሮጊት ምላሳቸው ደንዝዞ ይሁን ፍሬሕይወትን ላለማሳፈር፣ መረቁን በዳቦ እያጠቀሱ ሲበሉ ክላውዲያ ቀመሰችና ሳህኑን ከፊታቸው ነጠቀች። የደም ግፊት መለኪያውን እኔው ነኝ ያመጣሁላት። ጥቂት ቆይታ ስትለካቸው መቶ ዘጠና አለ። መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሰዓት በኋላ ወረደላቸው።

ክላውዲያ ማእድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። «ጨዉን የጨመረው ማነው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ፍሬሕይወት ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቁጣ አልነበረባትም፤ እየጠበቀችኝ ነበር። እኔ አሥራ አራት ዓመት የተናገርኩበት ጣልያንኛ ከአፌ ጠፋ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን እዚያው እንደቆምኩ ነቀዘ።

«እኔ ነኝ፣ ሲኞራ» አለች በምታውቃት ጥቂት ጣልያንኛ። «ይቅርታ።»

ክላውዲያ ክፉ ሴት አይደለችም። «አዝናለሁ፤ ግን በማማ ልብ ልቀልድ አልችልም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሌላ ሰው ፈልጊልኝ» አለችኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ፍሬሕይወት ድስቱን፣ ትሪውን፣ ፎርኖውንም ሳይቀር አጥባ፣ ሽርጧን ከበሩ ኋላ ሰቅላ «እትዬ፣ አሳፈርኩዎት» ብላኝ ወጣች። እኔን አሳፈርኩዎት! ደረጃውን ስትወርድ እስከ ታች ሰማኋት፤ አሳንሰሩ ያን ቀንም ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ሽርጡን ላጥብ ኪሱን ፈተሽኩ። በወረቀት መሀረብ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ስፈታው አራት የሎሚ ዘሮች ናቸው። እሷ ሎሚ አልጨመረችም፤ ብርቱካን ነው የጨመረችው፣ እሱንም ልጣጩን ብቻ። ከታኪኖው ሆድ ውስጥ የገና ዕለት ጠዋት ለቅማ፣ ማንም እንዳያያቸው ኪሷ የከተተቻቸው የእኔ ሎሚ ዘሮች ናቸው። ክላውዲያ ፊት ስትቆም ኪሷ ውስጥ ነበሩ። እጇን ሰድዳ ጠረጴዛው ላይ ብትዘረግፋቸው እኔ አልቆልኝ ነበር። የሽንት ቤቱን በር ቆልፌ አለቀስኩ፤ ከማልቀስ ይልቅ ግን መሬት ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍሬሕይወት ለበዓሉ ሮማኒና በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ የአገሯ ልጆች ጋ ሄዳ ነበር። ደውዬ የማነ ቡና ቤት ቀጠርኳት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና «አውቀሽ ነበር» አልኳት።

«ማጠብዎን አውቄያለሁ። ጨዉን ግን ያን ያህል ይሆናል አላልኩም» አለች፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ልጄ፣ ሜዳ ላይ ልትቀሪ አይደለም እንዴ?»

«እርስዎ ነዎት ያመጡኝ፣ እትዬ። ካመጣኝ ሰው ጋ በፈረንጅ ፊት ልካሰስ? ደግሞ... እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነበር።»

ይህችን የመጨረሻዋን ያለ ምሬት ነው ያለቻት። እስከ ዛሬ ግን ከስድብ ሁሉ የከፋችው እሷ ናት። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል። እዚያ ወንበር ላይ እኔ ድንጋይ ነበርኩ።

ያንኑ ዕለት ማታ ከእራት በፊት ለሲኞራ ኦርኔላ ነገርኳቸው። ሎሚውን፣ ሰባቱን ውሃ፣ የደበቅኩትን ከረጢት፣ ቅናቴን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ቴሌቪዥኑን ዘጉና እጄን አዩ። ግፊታቸውን የሚያነሱብኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ያነሱት ሌላ ነው። «አሥራ አራት ዓመት ቀምሼልሻለሁ» አሉ። «ለምን ማንኪያዋን አላመጣሽልኝም?»

ክላውዲያ ግን ስትሰማ እንደ እናቷ አልለሰለሰችም። ፍሬሕይወትን ራሷ ደውላ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ከነሱ አዲስ ዓመት በኋላ በነበረው ሰኞ ኮንትራቱን ፈረመችላት። እኔን ደግሞ እዚያ ቤት በቀሩኝ ሳምንታት በየቀኑ ከሥራ እየደወለች «ማማ ምን በላች? ጨው አለበት?» ትለኝ ጀመር። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። «የለበትም፣ ሲኞራ» እላለሁ። የሚገባኝ ነው።

የእኛ ገና ሲደርስ ፍሬሕይወት አብራኝ ነበረች፤ ሥራውን እያስረከብኳት ነው። ከቅዳሴ ተመልሼ ጉልበቴን እያሸሁ ማእድ ቤት ብገባ ዶሮ ወጥ ጥዳለች። ከድስቱ አጠገብ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል፤ ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ቆሜ ቀረሁ። ስለ አማቴ የነገርኳት የማነ ቡና ቤት ውስጥ፣ ይቅርታ ስለምናት ነው።

«ሰባት ውሃ ነው፤ ይዩልኝ» አለች፣ አፏን በእጇ ሸፍና።

«የኔ ልጅ፣ ይህ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

ማንኪያ አጥባ ከወጡ ቀዳችና በእጇ መዳፍ ከሥር ደግፋ አቀረበችልኝ። ጾሙ ወጥቷል፤ ሁለታችንም መቅመስ እንችላለን። እሷ ግን ሳትቀምስ ጠብቃኛለች። «ይቅመሱልኝ፣ እትዬ።»

ቀመስኩ። ቁሌቱ የበሰለ፣ ቅመሙ በልኩ ነው። ጨው ግን አንሶታል፤ እውነቱን ነገርኳት።

ፍሬሕይወት ከመደርደሪያው የጨዉን ዕቃ አወረደች፣ ክዳኑን ከፈተችና ለእኔ ዘረጋችልኝ። ሚዛኑ እዚያው አጠገቧ ነበር፤ አላየችውም። እጄን ሰደድኩ፣ ጣቶቼ ጨዉን ነኩት፣ ከዚያ በላይ መሄድ አቃተኝ። ዕቃውን መልሼ አስያዝኳት።

«አንቺው ጨምሪበት፤ እኔ እቀምስልሻለሁ» አልኳት።